ለጎፈሬው የተሳልኩት ጥላ

ለተሰማ፣ ለልጄ አባት፣

እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር፣ ያለህበትን አገር ወሬ የሚያመጣልኝ ሰው የለም። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህም ሰሞኑን ውሸት በዝቶብኛልና አንተን ደግሞ አልጨምርበትም። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ። አንተን የሸኘንበት የሐምሌ ጭቃ ዘንድሮም መጥቶ ደጃፋችን ላይ ተንጣሎ ነበር፤ አሁን ነሐሴ ገብቷል፣ እሱ ግን ገና አልተነሳም።

የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። ሸራ በምታሰምርበት ጠመኔ፣ የቆራረጥከው ሸራ ላይ ሀሁን ያስቆጠርከኝ ለዚህ ቀን ኖሯል። ያኔ «ጽሕፈት ተማሪ፣ አንድ ቀን ትሰድቢኝበታለሽ» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ልሰድብህ አይደለም። የሆድ የሆዴን የምነግረው ሰው አጥቼ ነው። ለንስሐ አባታችን እንኳ ግማሹን ነግሬያቸው ግማሹን ውጬዋለሁ።

ቤቱ እንደተውከው ነው ማለት ይቻላል። የስፌት መኪናህን በአረንጓዴው ሸራ ሸፍኜዋለሁ። የፊት ለፊቷን ክፍል ያከራየኋት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ቀሚስ ልሰፋበት ብላ ብትለምነኝ፣ መርፌው ተሰብሯል አልኳት። አልተሰበረም። የነፋስ ስልክ ነፋስ እንደሆነ አመሉን አልተወም፣ የጓዳውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ከኦቦ ቱሉ ማሳ ላይ ጣለው። ኦቦ ቱሉ ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። ወተት ዛሬም የሚያመጣልን እሱ ነው፣ ማሳው ግን በየወሩ እየጠበበ ነው። ወደ ላፍቶ በኩል ስንዴ የነበረው ሁሉ አሁን ቤት ሆኗል።

ስለ ልጃችን ስለ ግርማ ልጽፍልህ ነው ይህን ሁሉ የምዞረው። ታውቀኝ የለ፣ ነገር ሲከብደኝ ከቆርቆሮና ከወተት ነው የምጀምረው።

ጎፈሬውን ታስታውሰዋለህ። በራችንን ሲያልፍ ጎንበስ የሚለው ለቁመቱ ሳይሆን ለጸጉሩ ነበር። ያን ከታች የተንዘረፈፈ ሱሪ ስፋልኝ ብሎ ጨርቁን ሲያመጣልህ፣ «ከዚህ ሱሪ ጨርቅ ላንድ ለቅሶ የሚበቃ ድንኳን ይወጣል» ብለኸው ነበር። ግን ሰፋህለት። እያጉረመረምክ ሰፋህለት። እኔ ነኝ ያፈርኩት። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አለኝ ብዬ አንገቴን ቀና ባደረግሁ ማግስት፣ ሰው መንገድ ላይ ዞሮ የሚያየው ልጅ ይዤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከበደኝ። ትዝ ይልሃል፣ ሀና ማርያም ስንሄድ እኔ ወደ ፊት ቀድሜ፣ እናንተ ሁለታችሁ ከኋላ ትመጡ ነበር። እግሬ ፈጥኖ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ሰሎሞን የተከራየው ቤት ነበረ፤ ያ ትምህርቱን ትቶ ጊታር ይዞ የሚዞረው ልጅ። እነ ግርማ የሚያድሩት እዚያ ነበር። ሲዘፍኑ፣ ሲያጨሱ፣ ወረቀት ሲያነቡ፣ ስለ መሬት ሲጨቃጨቁ። መሬት ላራሹ እያሉ የሚዘፍኑት ዜማ እስከኛ ጓዳ ይሰማ ነበር። ያ ዜማ ደግሞ ክፉ ነው፣ ሽንኩርት ስከትፍ ሳላውቀው አብሬ አንጎራጉረው ነበር። አንተ ሰምተኸኝ «አስኩ፣ አንቺም ሰልፍ ልትወጪ ነው?» ብለህ ሳቅህ።

ሰልፍ ወጥተው የተያዙ ዕለት ግን አልሳቅንም። ጣቢያ አብረን ነው የሄድነው። መኮንኑ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ይህን ጎፈሬ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ አሳድጌያለሁ ትላለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ፣ እኔ ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። አንተ ባርኔጣህን አውልቀህ ደረትህ ላይ አድርገህ፣ «ጌታዬ፣ ጎፈሬው የሱ ነው፤ ልጁ ግን የኔ ነው» አልክ። ሌላ ቃል አልጨመርክም። መኮንኑ ራሱ ሳቀ መሰለኝ። አስፈትተነው ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አላናገርከውም፤ ግን ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ገዝተህ ሳታየው እጁ ላይ አደረግህለት።

እኔ ግን በዚያ ሰሞን ካንተ ተደብቄ ስለት ተሳልኩ። እመቤቴ፣ ይህን ጎፈሬ ካስቆረጥሽልኝ ጥላ አገባልሻለሁ አልኳት። ብነግርህ እስከ ማታ ስትስቅብኝ ትውል ነበር። አሁን ሳቅ፣ ፈቅጄልሃለሁ።

ከዚያ ያ ሳልህ ጀመረህ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ደግሞም አታውቀውም።

ቀብርህ ላይ ግርማ ጸጉሩን አልተላጨም። ላባት መላጨት ያገር ወግ ነው፣ እኔም ተላጨሁ፣ እሱ ግን እምቢ አለ። እምቢ ይበል እንጂ እንደሱ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። አንተ የሰፋኸውን የእድሩን ድንኳን ምሰሶ አቅፎ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ድንኳኑ ባንተው ለቅሶ መተከሉ ነው መሰለኝ ያንገበገበው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ ትከሻውን ይዘው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም፣ ይበቃል አሉት። ደግሞ ዞር ብለው ለሰው፣ ጸጉሩን ላባቱ ያልሰጠ እንባው ምን ይረባል ሲሉ ሰማኋቸው። እሱም ሰምቷል። ከሠልስትህም በኋላ ማልቀሱን አልተወም። ምሳ ሲበላ ያለቅስ ነበር። የስፌት መኪናውን ሲያይ ያለቅስ ነበር። ሰው ይመጣል ብዬ ዝም በል አልኩት፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ስንት ቀን።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ውጭ ያደረው ግርማ ራሱን እንደ ሎሚ ተላጭቶ ቆሟል። ተሰማ፣ እልል አልኩ። ጎረቤት በሙሉ ወጣ። ዘግይቶም ቢሆን ላባቱ ሐዘን ተላጨልኝ፣ እመቤቴም ስለቴን ሰማችኝ ብዬ ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። እሱ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ በእልልታዬ አላስወራሁትም። ይህ ነው እንግዲህ ጥፋቴ። ለምን እንደተላጨ አልጠየቅሁትም። ልጅ ተላጭቶ ሲመጣ ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል?

ለአስተርዮ ማርያም ቀዩን የከፋይ ጥላ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነውን፣ ይዤ ሄድኩ። ስለት ሲነገር ታውቀዋለህ፣ በድምፅ ማጉያ ነው። አንዲት እናት ልጇ ከዓለማዊ ፋሽን ተመልሶ ላባቱ ሐዘን ጸጉሩን ስለተላጨላት ተብሎ ሲነገር ሴቱ ሁሉ እልል አለልኝ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደስታ ብቻ እልል አላለችም። ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዛ፣ «አስካለ፣ አትቀየሚኝ፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት ሁሉ ተላጭተዋል እኮ፤ ሴቶቹም ጭምር» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ያው ቤት ነው። ያው ሰሎሞን ነው፣ አሁን መምህር ነው የሚሉት። ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል፣ የዓለም ጫማ ነው ብለው አውልቀውታል። ነጭ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያ ዝነኛ ጊታር ሳይቀር አለ። እየዘመሩ ነበር፤ ዜማውን ወዲያው ለየሁት፣ ያው ሽንኩርት ስከትፍ የማንጎራጉረው ነው። ቃሉ ብቻ ተለውጧል፤ መሬት የነበረው ሰማይ ሆኗል።

ሰፈሩ «አታልቅሱ» ብሎ ይጠራቸዋል። ይህች ዓለም ሳትቆይ ታልፋለችና ለሞተ ሰው ማልቀስ ክህደት ነው ይላሉ። ለቅሶ አይደርሱም፣ ተዝካር አይበሉም፣ ካህን አይሳለሙም፣ ያላቸውን ሁሉ ባንድ ድስት ይበላሉ። አንዳንዱ ሰው መድኃኒት አቅምሰዋቸው ነው ይላል፣ አንዳንዱ የፈረንጅ ሥራ ነው ይላል። እኔ ግን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በሰልፉ ዕለት ጣቢያ ግድግዳ ተደግፈው ከግርማ ጋር የተቀመጡት ናቸው። ጎፈሬ ያበጠሩት እነሱ፣ ጎፈሬ የላጩትም እነሱ። ያኔም ያባቶቻችን ቤት ጠበበን ነው ያሉን፣ አሁንም ያንኑ ነው የሚሉን። እኛ ጸጉራቸውን ስንቆጣ የጠበባቸው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ቀረን።

ግርማን አስወጥቼ ወንዙ ዳር ተቀመጥን። ላባትህ አይደለም ወይ የተላጨኸው አልኩት። አይደለም አለ። ውሸት መናገር አያውቅበትም፣ ባንተ ወጥቷል። «እማዬ፣ ሰልፍ ወጣን፣ ዓለም ንቅንቅ አላለችም። እርስ በርሳችንም ተጣላን። አባዬም ሞተ። እዚህ ስመጣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፣ አታልቅስ፣ ታገኘዋለህ ብቻ አሉኝ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ስለ ስለቴ ብቻ ነበር። በድምፅ ማጉያ ተነግሮልኝ እያልኩ ወንዙ ዳር ጮህኩበት። ሰማኝና ወደነ ሰሎሞን ቤት ተመልሶ ገባ።

ቤት ገብቼ ዱቄት ስነፋ ነው ነገሩ የገባኝ። ጋሽ በቀለ ይበቃል አሉት፤ እኔ ዝም በል አልኩት፤ ሰሎሞንም አታልቅስ አለው። ሦስታችንም ያልነው አንድ ነገር ነው። የሰሎሞኑ ብቻ ታገኘዋለህ የሚል ነበረበት። ማልቀስ ያቃተው ልጅ አልነበረም፣ ማልቀስ መተው ያቃተው ልጅ ነው የሄደብኝ።

ይህ ከገባኝ በኋላ እንኳ ሀፍረቴ አልለቀቀኝም፣ እውነቱን ልንገርህ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ እንግዳ ደጅ ቆሞ የሚቀበል የበኩር ልጅ ያስፈልጋል። ሰው ላኩበት። ተዝካር አልቀመጥም፣ እናቴን ግን ሰላም በሉልኝ ብሎ መለሰ። እኔም ለሰው፣ ግርማ ከዩኒቨርሲቲ ሲዳሞ ተልኮ ያስተምራል አልኩ። ለአንዱ አልኩ፣ ለሌላው ጨመርኩበት፤ በሦስተኛው ላይ ወባ ታሞ እንደነበር ሁሉ አወራሁ። የንስሐ አባታችን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ ብለው ጸሎት አደረጉለት። ሲዳሞ ላለ ግርማ!

ያንተ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተቀምጦ፣ ምግቡ ሊቀርብ ሲል የድንኳኑ ጨርቅ ተገለጠና ግርማ ገባ። ራሱ የተላጨ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ባዶ እግሩን፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ። በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህን፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሏል። አልቀመጥም አለ እንጂ አላስታጥብም አላለም ኖሯል። ማስታጠብ የልጅ ሥራ ነው፤ ካንተ ያየው ነው፤ አንተም ባባትህ ተዝካር እንግዳውን ሁሉ አስታጥበሃል።

ሲዳሞ ማለቴን የሰማ ሁሉ እኔን አየኝ። ግርማ መጀመሪያ ጋሽ በቀለ ፊት ጎንበስ አለ። ጋሽ በቀለ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። አጠገባቸው ያሉትም ከተቱ። ግርማ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። እኔ እናቱ ነኝ፣ ቤቱ የኔ ነው፣ ተዝካሩ የባሌ ነው፤ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ የነጠላዬን ጥለት ቆጠርኩ። ከበሩ በኩል ኦቦ ቱሉ ነው ተነስቶ የመጣው። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋና፣ «ልጁ ቢያጠፋ ውሃው ምን አደረገ? አፍስስ» አለው። እሱ ከታጠበ በኋላ የንስሐ አባታችንም ታጠቡ፣ አንዳንዱም ታጠበ። አንዳንዱ ሳይታጠብ በላ። ጋሽ በቀለ ሳይበሉ ወጡ።

በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰ። ጎንበስ አለልኝ። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፣ አሙቆ ነው ያመጣው፣ ብርድ እንደማልወድ አልረሳም። ከአፍንጫው ድምፅ አወቅሁ፤ አታልቅሱ የሚሉት ሰዎች ልጅ እያለቀሰ ነበር። ተሰማ፣ ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁትም። ሰው እያየኝ ነበርና እጄን ብቻ አየሁ። ፎጣውን ተቀብዬ እጄን ጠረግሁ፣ ቀና ስል እሱ የለም። ማንቆርቆሪያውን በድንኳኑ በር አስቀምጦ ሄዷል።

በጎፈሬው አፍሬያለሁ፣ በተላጨው ራሱ አፍሬያለሁ፤ ያ ሁሉ ተደምሮ ያን ዕለት ፊቱን ባለማየቴ ያፈርኩትን አያህልም። ይህን ለንስሐ አባታችን አልነገርኳቸውም። ካንተ ጀመርኩ።

ባለፈው እሑድ እድር ተሰበሰበ። ባንተ ቦታ እኔ ገብቻለሁ፣ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። ጋሽ በቀለ ነገር አነሱ። የሰው ለቅሶ የማይደርስ የሱን ለቅሶ ሰው አይደርስለትም፤ ከወንዝ ማዶ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁ ከቤቱ ይቆጠር አይቆጠር ተነስቶ ይናገር አሉ። አይቆጠርም ያለ በእድሩ ይቀጥላል ማለት ነው፤ ይቆጠራል ያለ አብሮ ሊሰረዝ ነው። አንድ አባት ተነስቶ አይቆጠርም አለ። ድምፁ እንዴት ቅጥን እንዳለ ብትሰማ ታዝንለት ነበር። እኔ እድር ከሌለኝ ማን እንደሚቀብረኝ አስቤያለሁ፣ አላሰብኩም አልልህም።

ተነሳሁ። ነጠላዬን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ግርማ ሲዳሞ ሄዶ አያውቅም አልኩ፣ ወባም አልታመመም፤ ዋሽቻችኋለሁ። ከወንዙ ማዶ ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ያንተው ቃል ከአፌ ወጣ፤ «የተላጨው ራስ የሱ ነው፤ ልጁ ግን የኔ ነው» አልኩ። ደግሞ፣ ብታወጡኝም ድንኳኑን መልሱልኝ አልልም፣ ተሰማ ለለቅሶ ነው የሰፋው፣ የማንንም ለቅሶ መርጦ አልሰፋውም አልኩና ተቀመጥኩ።

እልል ያለልኝ የለም። አንድ ሰው ሳለ። ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ነገሩ ለሚመጣው ስብሰባ ይደር አሉና ወደ ተሰበሩት ብርጭቆዎች ጉዳይ ተላለፉ። ይሰርዙኝ አይሰርዙኝ ገና አላውቅም። ስወጣ ኦቦ ቱሉ ጥቅስ አደረገኝ፣ ወይዘሮ ደስታ ደግሞ ሳታየኝ አለፈች።

ዛሬ አረንጓዴውን ሸራ ከመኪናህ ላይ ገለጥኩት። መርፌው አልተሰበረም ብዬ ለተከራይዋ ነገርኳት፣ ተቀምጣ ቀሚሷን እየሰፋች ነው፤ ድምፁ ቤቱን ሞልቶታል፣ አንተ ያለህ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብያለሁ። ነገ ጠዋት ወንዙን እሻገራለሁ። ተመለስ ልለው አይደለም፤ የሚመለስ አይመስለኝም፣ የሚመለስበትንም ቀን እሱ ነው የሚያውቀው። ፊቱን ላየው ነው የምሄደው። ሲያለቅስ ባገኘው ዝም በል አልለውም፤ አብሬው አለቅሳለሁ፣ መምህር ሰሎሞን ከፈለገ ሁለታችንንም ያባርረን።

አንተን ግን አልረሳህም። በጸሎት አስብሃለሁ እንዳልልህ የጸሎቴን ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በመሃል ሽንኩርት ይገባበታል። ባርኔጣህን ደረትህ ላይ አድርገህ እንደቆምክበት ነው የማስብህ። በመጪው ሙት ዓመትህ፣ በእድርም ሆነ ያለ እድር፣ ድንኳን ኖረ አልኖረ፣ ግርማ መጣም ቀረም፣ ሰው «ልጅሽ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ደጅ ወጥቼ በጣቴ ከወንዙ ማዶ አሳየዋለሁ።

ያንተው አስካለ